ከብራስልስ ወደ ሃኖቨር፦ የኤርንስት አልብሬክት መንገድና ዛሬም ያልተዘጉት ፋይሎች

ኡርዙላ ፎን ዴር ላየን በ2019 የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ፣ ብራስልስ ውስጥ ኢክሰል በተባለው ሰፈር መወለዳቸው በየዜናው ተጠቅሷል። አንዲት ጀርመናዊት በ1958 እዚያ የተወለዱበትን ምክንያት የነገረን ግን ብዙ አይደለም። ምክንያቱ አባታቸው ናቸው። ኤርንስት አልብሬክት ኮሚሽኑ ሥራ በጀመረበት በዚያው ዓመት ከተቀጠሩት የመጀመሪያዎቹ የአውሮፓ ሲቪል ሰርቫንቶች አንዱ ነበሩ። አርባ ዓመት ሳይሞላቸው የውድድር ጉዳዮች ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። ከዚያ ሥልጣኑን ትተው ወደ አገራቸው ተመለሱና የታችኛው ሳክሶኒ ግዛትን ለ14 ዓመታት መሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልብሬክት በ2014 በ84 ዓመታቸው አርፈዋል። ዛሬ ስማቸው የሚነሣው በአብዛኛው ከልጃቸው ጋር ተያይዞ ነው፤ ይህ ግን ሰውየውን ያሳንሳቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት ጉግልን የመሳሰሉ ኩባንያዎችን በቢሊዮን ዩሮ የሚቀጣበት ሥልጣን ለመጀመሪያ ጊዜ በተግባር የዋለው እሳቸው የመሥሪያ ቤቱ ዋና ዳይሬክተር በነበሩበት ጊዜ ነው። በሌላ በኩል ጀርመን እስከ ዛሬ ቋሚ ማስቀመጫ ያላገኘችለት የኑክሌር ዝቃጭ ለ40 ዓመታት በአንድ መንደር ስም እንዲታሰር ያደረገው የእሳቸው ውሳኔ ነው። አንዱ ሰርቷል፤ ሌላው ከሽፏል። ሁለቱን ውሳኔዎች የወሰነው ያው የአሠራር ልማድ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መመርመር ተገቢ ነው።

በጀርመን ፖለቲካ የተለመደው ጉዞ የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ሰው በግዛት ደረጃ ያድጋል፣ ሚኒስትር-ፕሬዚዳንት (የግዛት መንግሥት መሪ) ይሆናል፣ አገር ውስጥ ያለው ጊዜው ሲያበቃ ወደ ብራስልስ ይላካል። ጉንተር ኧቲንገር ከባደን-ቩርተምበርግ መሪነት ተነሥተው በ2010 ኮሚሽነር የሆኑት እንዲህ ነው። አልብሬክት ግን ከብራስልስ ተነሥተው ወደ ግዛት ምክር ቤት ወረዱ። ይህን መንገድ በዚህ ደረጃ የሄደ ሌላ ጀርመናዊ ማግኘት ያስቸግራል።

ፋይል የተማሩበት ቤት

አልብሬክት በ1930 ሃይድልበርግ ተወለዱ። መጀመሪያ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት፣ በኋላ ሕግና ኢኮኖሚክስ አጠኑ፤ አሜሪካ በኮርኔል፣ ስዊዘርላንድ በባዝል፣ ጀርመን በቱቢንገንና በቦን። በቦን ያቀረቡት የጥናት ጽሑፍ ለኢኮኖሚ ኅብረት የገንዘብ ኅብረት ቅድመ ሁኔታ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ይዞ ነበር። ዩሮ ሊመጣ ከ45 ዓመት በላይ ሲቀረው ማለት ነው። በ1954 ሉክሰምበርግ ወደነበረው የከሰልና የብረት ማኅበረሰብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ገቡ። በ1956 የጋራ ገበያውን ውል ለማርቀቅ ብራስልስ ላይ በተካሄደው ድርድርም በጽሕፈት ሥራው ተሳተፉ። የሮም ውል በማርች 1957 ተፈርሞ ኮሚሽኑ በ1958 ሲቋቋም፣ የመጀመሪያው የውድድር ኮሚሽነር ሃንስ ፎን ዴር ግሩበን የጽሕፈት ቤታቸው ኃላፊ አድርገው ወሰዷቸው። ዕድሜያቸው 27 ነበር።

ይህ ቦታ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ማለት ቀጠሮ የሚይዝ ሰው አይደለም። የኮሚሽነሮቹ ሳምንታዊ ስብሰባ ከመድረሱ በፊት የየጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች ለብቻቸው ተሰብስበው አጀንዳውን ያጣራሉ። በዚያ የተስማሙበት ነጥብ በኮሚሽነሮቹ ፊት ያለ ክርክር ያልፋል፤ ያልተስማሙበት ብቻ ለውይይት ይቀርባል። ስለዚህ ብዙው ውሳኔ ሕዝብ ስማቸውን በማያውቃቸው ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ይዘጋል። አልብሬክት ይህን ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠሩበት።

በዚያ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ትልቁ ራስ ምታት በፌብሩዋሪ 1962 የጸደቀው ደንብ ቁጥር 17 ነበር። የሮም ውል አንቀጽ 85 ውድድርን የሚገድብ የኩባንያዎች ስምምነትን ይከለክላል፤ ጥቅሙ ከጉዳቱ ከበለጠ ግን ነጻ ሊደረግ ይችላል ይላል። ደንብ 17 ይህን የማድረግ ሥልጣን ለኮሚሽኑ ብቻ ሰጠ። ነጻ መደረግ የፈለገ ኩባንያ ስምምነቱን አስቀድሞ ማስመዝገብ ነበረበት፤ ያስመዘገበ ደግሞ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ከቅጣት ይጠበቃል። ከሁለት በላይ ተዋዋዮች ላሏቸው ነባር ስምምነቶች የመጨረሻው ቀን ኖቬምበር 1 ቀን 1962፣ በሁለት ወገኖች መካከል ለተደረጉት ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1963 ሆነ።

ችግሩ ከዚህ ተጀመረ። ማስመዝገብ ወጪ የለውም፣ ጥቅሙም ብዙ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የኩባንያ ጠበቃ ያለውን ውል ሁሉ ላከ። ከ30 ሺህ በላይ ማመልከቻ ተከመረ፤ አብዛኛውም ተራ የአከፋፋይነት ውል ነበር። ትልልቆቹና አደገኞቹ ካርቴሎች፣ ማለትም ዋጋና ገበያ በምስጢር የሚከፋፈሉ የኩባንያ ቡድኖች፣ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልመጡም፤ የሚደብቁት ነገር ያለው ሰው ሰነዱን በፖስታ አይልክም። አንድ በአንድ ቢታይ ቁልሉን ለመጨረስ ብዙ አስርት ዓመታት ያስፈልጉ ነበር።

መውጫው ሦስት ደረጃ ነበረው። በ1965 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ኮሚሽኑ ስምምነቶችን በጅምላ ነጻ እንዲያደርግ ፈቀደ። በማርች 1967 በወጣው ደንብ 67 በሁለት ኩባንያዎች መካከል የሚደረጉ የብቸኛ አከፋፋይነት ውሎች፣ የተቀመጡትን መስፈርቶች እስካሟሉ ድረስ፣ አንድ ላይ ነጻ ተደረጉ፤ በሺዎች የሚቆጠር ፋይልም በዚያው ተዘጋ። በሜይ 1970 ደግሞ የገበያ ድርሻቸው ከ5 በመቶ የማይበልጥና የንግድ ልውውጣቸው አነስተኛ የሆነ ተዋዋዮች በጠቅላላው ከክልከላው ውጭ መሆናቸው ተገለጸ። ሁለቱ የመጨረሻ እርምጃዎች የወጡት በ1967 ዋና ዳይሬክተር በሆኑት በአልብሬክት ጊዜ አካባቢ ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የውድድር ኮሚሽነሩ ሆላንዳዊው ማን ሳሰን ነበሩ። ኮሚሽነሩና ዋና ዳይሬክተሩ ከአንድ አገር እንዳይሆኑ የማድረግ ልማድ በብራስልስ አለ፤ አልብሬክት ለቦታው የተመቹትም በከፊል በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ጠረጴዛው ሲቀል እጅ ወደ ዋናው ጉዳይ ተመለሰ። በጁላይ 1969 በአንድ ወር ውስጥ ኮሚሽኑ በታሪኩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የካርቴል ቅጣቶች ወሰነ። አንደኛው ኩዊኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት በሚያመርቱ ኩባንያዎች ላይ ነበር። የሆላንድ፣ የጀርመንና የፈረንሳይ ኩባንያዎች ገበያውን ተከፋፍለው ዋጋ ወስነው ነበር፤ ለውጭ ንግድ የተጻፈ ስምምነት ነበራቸው፣ ለጋራ ገበያው ደግሞ ያልተፈረመ ሚስጥራዊ ስምምነት። ደንብ 17 ሲወጣ መከሩና ላለማስመዝገብ ወሰኑ። ጠቅላላ ቅጣቱ 500,000 የሒሳብ መለኪያ ነበር፤ አንዱ መለኪያ ያኔ ከአንድ የአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል ነበር። ሁለተኛው በ1964፣ በ1965ና በ1967 ዋጋ በአንድነት በጨመሩ አሥር የማቅለሚያ አምራቾች ላይ ተወሰነ። ከተቀጡት መካከል አይ.ሲ.አይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ይገኝበታል፤ ብሪታንያ ያኔ አባል አልነበረችም። ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1972 ቅጣቱን አጸና። ከማኅበረሰቡ አገሮች ውጭ ያለ ኩባንያ በማኅበረሰቡ ውስጥ ባደረገው ነገር ሊቀጣ እንደሚችል የተረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው።

ያ ግማሽ ሚሊዮን ዛሬ ቀልድ ይመስላል፤ በሴፕቴምበር 2025 ጉግል በማስታወቂያ ቴክኖሎጂ ጉዳይ ብቻ 2.95 ቢሊዮን ዩሮ ተቀጥቷል። የማስመዝገብ ሥርዓቱም በሜይ 2004 ተነሥቶ ኩባንያዎች ስምምነታቸውን ራሳቸው እንዲመዝኑ ተደረገ። አካሄዱ ግን ያው ነው፤ ማስረጃ ይሰበሰባል፣ የክስ ነጥቦች ለኩባንያው ይላካሉ፣ መልስ ይደመጣል፣ ኮሚሽነሮቹ ይወስናሉ፣ ያልተስማማ ሉክሰምበርግ ላለው ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። በዚህ ሥርዓት ከላይ የሚወሰን ውሳኔ ጥፋት የለውም። ተቃራኒ ወገን ከመጀመሪያው በፋይሉ ውስጥ አለ፤ ጠበቃ አለው፤ የሚሰማበት ቀን ተቆርጦለታል።

78 ድምፅ፣ ከዚያ 79

በ1970 አልብሬክት ብራስልስን ለቀው ለክርስቲያን ዴሞክራቶች የታችኛው ሳክሶኒ ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ ጎን ለጎን በግዛቱ ዋና ከተማ ሃኖቨር ባለው የባልሰን ብስኩት ኩባንያ የሥራ አመራር ውስጥ ሠሩ። በፓርቲው ውስጥ ሥር የሰደደ መሠረት አልነበራቸውም።

በጃንዋሪ 1976 ሶሻል ዴሞክራቱ ሚኒስትር-ፕሬዚዳንት አልፍሬድ ኩበል በዕድሜ ምክንያት ሥልጣን ለቀቁ። ከምክር ቤቱ 155 መቀመጫዎች የሶሻል ዴሞክራቶችና የነጻ ዴሞክራቶች ጥምረት 78፣ ክርስቲያን ዴሞክራቶች 77 ነበራቸው። ተተኪ የተባሉት የገንዘብ ሚኒስትሩ ሄልሙት ካሲሚር ስለነበሩ፣ ምርጫው የይስሙላ ይሆናል ተብሎ ተጠበቀ። ድምፁ ግን ሚስጥራዊ ነው። በመጀመሪያው ዙር ካሲሚር የሚያስፈልጋቸውን አጡ። በማግስቱ አልብሬክት 78 ድምፅ አገኙ፤ ከገዥው ጥምረት አንድ ሰው ከድቷል ማለት ነው። በግዛቱ ሕገ መንግሥት የተመረጠው መሪ ካቢኔውን አቅርቦ ማስጸደቅ ስላለበት ነገሩ አላለቀም። በፌብሩዋሪ 6 ሦስተኛው ዙር ሲካሄድ፣ ጥምረቱ ካርል ራቨንስን በአዲስ እጩነት ቢያቀርብም አልብሬክት 79 ድምፅ አገኙ። ከዳተኞቹ እነማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አዲሱ መሪ በስድስተኛው ሳምንታቸው ቦንን፣ የያኔዋን የምዕራብ ጀርመን መንግሥት መቀመጫ፣ አስጨነቁ። የሶሻል ዴሞክራቱ መራሔ መንግሥት የሔልሙት ሽሚት መንግሥት ከፖላንድ ጋር የተፈራረመው ውል በግዛቶች ምክር ቤት መጽደቅ ነበረበት። በውሉ ጀርመን 1.3 ቢሊዮን ማርክ የጡረታ ክፍያና 1 ቢሊዮን ማርክ ብድር ትሰጣለች፤ ፖላንድ በአራት ዓመት ውስጥ ከ120,000 በላይ የጀርመን ዝርያ ያላቸው ሰዎች እንዲወጡ ትፈቅዳለች። የአልብሬክት ፓርቲ ውሉን ለመጣል ቆርጧል፤ የሃኖቨር ድምፅ ደግሞ ወሳኝ ሆኗል። እሳቸው ውሉን አልጣሉም፣ እንዳለም አልተቀበሉም። ከአራቱ ዓመት በኋላስ ምን ይሆናል ብለው ከዋርሶ ተጨማሪ የጽሑፍ ማረጋገጫ ጠየቁ፤ ማረጋገጫው መጣ፤ በማርች 12 ቀን 1976 ውሉ ጸደቀ። በብራስልስ የተማሩት ዘዴ በዚህ ሠራ፤ ከሚደረገው ጩኸት ይልቅ የሰነዱን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ መደራደር።

ጎርሌበን

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1977 አልብሬክት በሉኾቭ-ዳነንበርግ ወረዳ የምትገኘውን ጎርሌበን ለጀርመን የኑክሌር ማዕከል መረጡ። እቅዱ ሰፊ ነበር፤ ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካ፣ አዲስ የኑክሌር ነዳጅ ማምረቻ፣ በስተመጨረሻም ከመሬት በታች ባለ ግዙፍ የጨው ክምችት ውስጥ ለዘለዓለም ማስቀመጫ። በወረቀት ላይ ሲታይ ምርጫው አይነቀፍም። ወረዳው በምሥራቅ ጀርመን ድንበር የታጠፈ፣ ሕዝቡ የሳሳ፣ ሥራ የጠፋበት ነበር። የፌዴራል መንግሥቱ ራሱ ቦታው ለድንበሩ መቅረቡ አላስደሰተውም ነበር።

የተሳሳተው ስሌት ሰው ላይ ነው። ወግ አጥባቂ ገበሬዎች፣ አብዛኞቹ የአልብሬክትን ፓርቲ የሚመርጡ፣ ትራክተራቸውን አስነሥተው በማርች 1979 ወደ ሃኖቨር ጉዞ ጀመሩ። ጉዞው ላይ እያሉ በማርች 28 በአሜሪካ የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ማመንጫ አደጋ ደረሰ። በማርች 31 ሃኖቨር ሲደርሱ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተቀበላቸው። በዚያው ሳምንት መንግሥቱ የጠራው የባለሙያዎች ክርክር በፊዚክስ ሊቁ ካርል ፍሪድሪኽ ፎን ቫይትሴከር ሰብሳቢነት ይካሄድ ነበር። ውይይት የተጠራው ግን ቦታው ከተመረጠ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

በሜይ 16 አልብሬክት ለምክር ቤቱ ማጣሪያው በቴክኒክ ሊሠራ እንደሚችል፣ በፖለቲካ ግን ሊሳካ እንደማይችል ተናገሩ። ለአንድ መሪ ይህን ማመን ቀላል አይደለም፤ በጀርመን የኑክሌር ታሪክ ከተነገሩት ሐቀኛ አነጋገሮች አንዱ ነው። ሐቀኝነቱ ግን ግማሽ ነበር፤ ማጣሪያው ሲሰረዝ የጨው ክምችቱ ምርመራ ቀጠለ። ሌላ ቦታ ተወዳድሮ ሳይመረመር በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ለአስርት ዓመታት ገንዘብ ፈሰሰ፤ ወጪው ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ሆነ። አማራጭ ሳይኖር የሚደረግ ምርመራ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ስለሚመስል፣ ትክክለኛ ሳይንስ እንኳ ቢሠራ የሚያምነው አልተገኘም። ከ1995 እስከ 2011 ድረስ 13 ጊዜ ዝቃጭ የጫነ ባቡር ወደዚያ ሲሄድ፣ በሺዎች የሚቆጠር ፖሊስ ሐዲዱ ላይ ከተቀመጡ ሰዎች ጋር ተናንቋል።

በሴፕቴምበር 28 ቀን 2020 የፌዴራሉ የዝቃጭ ማስቀመጫ ድርጅት አዲሱን አገር አቀፍ ፍለጋ የመጀመሪያ ውጤት ይፋ አደረገ። 90 አካባቢዎች፣ የጀርመንን 54 በመቶ መሬት የሚሸፍኑ፣ ለቀጣዩ ምርመራ አለፉ። ጎርሌበን አልነበረችበትም፤ ከጨው ክምችቱ በላይ ያለው የድንጋይ ሽፋን ጥበቃው በቂ አይደለም ተባለ።

የውድድሩን ፋይል ከዚህ ጋር ሳነጻጽረው ልዩነቱ ይታየኛል። አልብሬክት በሁለቱም ቦታ ያው ሰው ነበሩ፤ ሰነድ አዋቂ፣ ፈጣን ወሳኝ። በብራስልስ ተቃዋሚው በሕግ ወንበር ተሰጥቶት ነበር። በጎርሌበን ገበሬው በፋይሉ ውስጥ ቦታ አልነበረውምና ቦታውን በትራክተር ያዘ።

ያው እጅ፣ ሌሎች ፋይሎች

በኖቬምበር 1978 ሃይ ሆንግ የተባለች መርከብ ወደ 2,500 ቬትናማውያን ስደተኞችን አጭቃ ከማሌዥያ ጠረፍ ስትንገላታ፣ አልብሬክት ግዛታቸው 1,000 ሰዎችን እንደሚቀበል አስታወቁ። በዲሴምበር 3 የመጀመሪያዎቹ ሃኖቨር አረፉ። ማንንም አልጠበቁም፤ ሌሎች ግዛቶች ተከተሏቸው፤ በ1980 ደግሞ በኮታ የሚገቡ ስደተኞች በግለሰብ ደረጃ የጥገኝነት ጉዳያቸው ሳይታይ እንዲቆዩ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ስለ አልብሬክት መልካም ሲነሣ ሰዎች የሚጠቅሱት ይህን ነው፤ ተገቢም ነው።

ያው በራስ የመወሰን ልማድ ሌላ ገጽ አለው። በጁላይ 25 ቀን 1978 የጼሌ ወህኒ ቤት ግንብ በፈንጂ ተበሳ። የግራ ክንፍ አሸባሪ ቡድን የሆነው የቀይ ጦር አንጃ ሥራ ነው ተባለ። በ1986 እውነቱ ወጣ፤ ፈንጂውን ያጠመደው የግዛቱ የስለላ ድርጅት ነበር፤ ዓላማው ሰላይ ወደ አንጃው ማስረግ ነበር፤ አልብሬክትም ያውቁ ነበር። ይቅርታ አልጠየቁም፣ ተከራከሩለት። በዚያው 1978 አሸባሪዎች ቤተሰቡን ሊያግቱ ይችላሉ በሚል ስጋት ልጃቸው ኡርዙላ ሮዝ ላድሰን በሚል ስም ለንደን ሄደው ተማሩ። ስጋቱ እውነተኛ ነበር። ይህ ግን መንግሥት የገዛ ወህኒ ቤቱን አፈንድቶ ስምንት ዓመት ሕዝብ ማታለሉን ትክክል አያደርገውም።

በ1979 የፓርቲያቸው መሪ ሄልሙት ኮል ለመራሔ መንግሥትነት እጩ አድርገው ደገፏቸው፤ የፓርላማው ቡድን በጁላይ 2 ድምፅ ሲሰጥ ፍራንስ ዮሴፍ ሽትራውስ 135 ለ102 አሸነፏቸው። በ1978ና በ1982 ግን በግዛታቸው ፍጹም አብላጫ አግኝተዋል፤ በ1986 ጌርሃርድ ሽሮደርን በአንድ መቀመጫ ብልጫ ረቱ። በ1988 ድሆቹ ግዛቶች የማኅበራዊ ድጎማ ወጪ እያሰመጣቸው ነው ብለው ፌዴራል መንግሥቱን ሞገቱ፤ ከድርድሩም በዓመት 2.45 ቢሊዮን ማርክ የሚያከፋፍል ሕግ ተወለደ። በዚያው ዓመት የቁማር ቤት ፈቃድ ቅሌት የአገር ውስጥ ሚኒስትራቸውን ቪልፍሪድ ሃሰልማንን ከሥልጣን አወረደ። በሜይ 1990 ሽሮደር ተመልሰው መጡና አሸነፉ። በ2008 ልጃቸው አባታቸው የአልዛይመር ሕመምተኛ መሆናቸውን ለሕዝብ ተናገሩ።

ፎን ዴር ላየን ወደ ፖለቲካ የገቡት በአባታቸው ግዛት ነው፤ በ2003 የታችኛው ሳክሶኒ የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ከዚያ በርሊን፣ ከዚያ ብራስልስ፤ አባት የመጡበትን መንገድ ልጅ ተመልሰው ሄዱበት። በጁላይ 2019 የአውሮፓ ፓርላማ ሲመርጣቸው 374 ድምፅ ያስፈልጋቸው ነበር፤ 383 አገኙ፤ ድምፁም እንደ ሃኖቨሩ ሚስጥራዊ ነበር። ከአውሮፓ ውጭ የመጀመሪያ ጉብኝታቸውን በዲሴምበር 2019 ያደረጉት አዲስ አበባ ነው፤ የአፍሪካ ኅብረትን ጎብኝተው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድንና ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴን አነጋግረዋል።

የሚቀርብባቸው ወቀሳ ለታሪኩ እንግዳ አይደለም፤ በጥቂት ሰዎች መክረው ይወስናሉ፣ ሰነድ አያሳዩም ይባላል። በሜይ 2025 የኅብረቱ ጠቅላላ ፍርድ ቤት ከፋይዘር ኃላፊ ጋር የተለዋወጡትን የስልክ መልእክት ኮሚሽኑ ለጋዜጠኞች የከለከለበት ምክንያት አሳማኝ አይደለም ሲል ፈረደ። በጁላይ የቀረበባቸው የአለመተማመን ሐሳብ በ175 ድጋፍና በ360 ተቃውሞ ወድቋል። ብርቱ ወገን ሲከሰስ ብራስልስ የመሰማት ወግ አላት፤ ተራው ዜጋ ሲጠይቅ ግን የሚሰማበት መስኮት ዛሬም ጠባብ ነው።

ጎርሌበን ላይ የተቆፈረው የምርመራ ጉድጓድ ከ2024 ጀምሮ ከውስጡ በወጣው ጨው እየተሞላ ነው። ከእሱ ጥቂት ራቅ ብሎ በመሬት ላይ በቆመው መጋዘን ግን 113 የብረት ኮንቴይነሮች አሁንም አሉ። የመጋዘኑ ፈቃድ በ2034 ያበቃል። ሕጉ ቋሚ ቦታ በ2031 እንዲመረጥ ግብ አስቀምጦ ነበር፤ ድርጅቱ በ2022 ባወጣው ግምት ምርጫው ከ2046 በፊት አይጠናቀቅም።